ሦስት ሽማግሌ በአንድ ፓጄሮ

አባቴ የካውቦይ ፊልምን በሠራው አገር ይከፋፍለው ነበር። አሜሪካ የሠራው ከሆነ ሸሪፉ ጥሩ ሰው ነው፤ የጠፋውን ይዞ ይመልሳል፣ ከተማውም ሰላም ያድራል። ጣልያን የሠራው ከሆነ ጺሙን የተላጨ ሰው አይገኝበትም፤ ሰው የሚታደነው ለሽልማት ስለሆነ አዳኙም ታዳኙም እኩል ቆሻሻ ናቸው። ህንድ የሠራው ከሆነ ደግሞ ሽፍቶቹ ገደል ውስጥ ይኖራሉ፣ በፈረስ እየጋለቡ ይዘፍናሉ፣ መጨረሻ ላይ የሽፍታው አለቃ የፖሊሱ ወንድም ሆኖ ይገኝና ሁሉም ተቃቅፎ ያለቅሳል። "ሩሲያም ሠርቷል" ይል ነበር፤ "እሱ ግን አሸዋ ላይ ነው፣ አንድ ላም የለበትም።"

አቡ ዳቢ፣ መዲናት ዛይድ፣ ከወርቅ ገበያው ጀርባ ባለ ሕንጻ ስድስተኛ ፎቅ ላይ ነበር የምንኖረው። በየሳምንቱ ቻይናዊቷ የዲቪዲ ነጋዴ ጥቁር ሻንጣዋን እየጎተተች በራችንን ታንኳኳለች፤ አባቴም ለአርብ የሚሆነውን ይመርጣል። ፊልሙ በተጀመረ በአምስተኛው ደቂቃ በሪሞት ያቆመውና "ሔርሜላ፣ የማን አገር ነው?" ይለኛል። እኔ ባርኔጣውን፣ አቧራውን፣ የሰዎቹን ጥርስ አይቼ እመልሳለሁ። ተሳስቼ አላውቅም።

ይሄ ጨዋታ ዛሬ እንጀራዬ ሆኗል። ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ለፊልሞች የግርጌ ትርጉም እጽፋለሁ፣ አልፎ አልፎም ስለ ፊልም እንዳወራ እጋበዛለሁ። ባለፈው ክረምት እዚሁ አቡ ዳቢ አንድ የፊልም ሳምንት ላይ የካውቦይ ፊልም በየአገሩ ምን እንደሚመስል ተናገርኩ። የአሜሪካ ቀይ ህንዶችን ጀግና ስላደረጉት ጀርመኖች፣ ደረቁ የብራዚል ምድር ላይ ስለሚሸፍቱት ወንበዴዎች፣ ባቡሩን ማንቹሪያ ወስደው ስላስዘረፉት ኮሪያውያን አወራሁ። በመጨረሻ አንዲት አበሻ እጇን አወጣችና "የእኛስ? አበሻ የሠራው የለም?" አለችኝ።

"እኔ እስከማውቀው የለም" አልኳት።

ዋሸኋት። አንድ አውቃለሁ። ካሜራ አልነበረበትም እንጂ እኔ ራሴ ተውኜበታለሁ።

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ወሩ ነሐሴ፣ ጾሙ ፍልሰታ። ፍልሰታ የልጆች ጾም ነው ብላ እማዬ አሳምናኝ፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉውን ልጾም ቃል ገብቼ ነበር። እማዬ፣ ዓለምጸሐይ፣ ሆቴል ውስጥ እንግዳ ተቀባይ ነበረች፤ አርብ አርብ ትሠራለች። በዚያ ሳምንት ሁለት ጊዜ ከሥራ ስትመጣ በፌስታል ሽሮና ዳቦ ቋጥራ እኔን አስከትላ ሚና ዛይድ ሄዳለች። እዚያ፣ ከዓሣ ገበያው ኋላ ካሉት መጋዘኖች አንዱ ላይ፣ ለወደብ ሠራተኞች ምግብ የምታበስለው እትዬ ወለተ ማርያም አንዲት ክፍል አለቻት። በብረት ደረጃ ነው የሚወጣው። የዓሣው ሽታ ከነሐሴ ወበቅ ጋር ተቀላቅሎ ጉሮሮ ውስጥ ይቀመጣል።

በክፍሏ ውስጥ ሰርካለም ነበረች። ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ከጎጃም መጥታ አል ዓይን አንድ ቤት ትሠራ ነበር። እማዬን ከቤተ ክርስቲያን ነው የምታውቃት። አንድ ቀን ጧት ቆሻሻ ልትጥል እንደወጣች በዚያው አውቶቡስ ተሳፍራ መጣች፤ ለእግሯ በጣም የሚሰፋ የማዳሟን ነጠላ ጫማ እንዳደረገች። ቶሎ ትስቅ ነበር። ጸጉሬን ሹሩባ እየሠራች ስለ ፊልሞቼ ትጠይቀኝ ነበር፤ ፈረሶቹ ሲወድቁ እውነት ይሞቱ እንደሆነ ማወቅ ፈልጋ ነበር።

"ሰርካለም እዚህ እንዳለች ለማንም፣ ለአባትሽም ቢሆን፣ እንዳትናገሪ" አለችኝ እማዬ ደረጃውን ስንወርድ።

"ክፉ ሰዎች እየፈለጓት ነው?"

"አዎ።"

ታዲያ ክፉ ሰዎች እየፈለጓት ከሆነ፣ ለአባቴ የማይነገረው ለምንድን ነው? ይሄ ጥያቄ ሁለት ቀን ከነከነኝ።

አርብ ጧት እማዬ እንደወጣች ሁለቱ የአባቴ ጓደኞች መጡ። ጋሽ ታምሩ ትልቅ ሆቴል ውስጥ የግዢ ኃላፊ ነው፤ ሽቶው ከሱ ቀድሞ ሳሎን ይገባል። ጋሽ እንየው በዕድሜ የሁላቸው ታላቅ ነው፤ ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ በዚያ ሙቀት ከኮቱ ላይ ነጠላ አጣፍቶ ነበር። ሰው ሲጣላ፣ ባልና ሚስት ሲኳረፍ፣ ገንዘብ የተካካዱ ሲካሰሱ ለሽምግልና የሚጠሩት ከአባቴ ጋር እነዚህ ሦስቱ ናቸው። ስማቸው የተከበረ ነበር። እኔም ሦስት ሆነው ሲነሡ ባየሁ ቁጥር ደረቴ ይነፋ ነበር፤ ፊልሙ ላይ ሸሪፉ ሁለት ታማኝ ሰዎች አስከትሎ ከከተማ ሲወጣ እንደሚያደርገኝ።

ፊልሙ ተከፍቷል፣ ድምፁ ግን ተቀንሷል። እኔ ምንጣፉ ላይ ተኝቼ አዳምጣለሁ።

"ሰውዬው ትናንትም ደወለ" አለ አባቴ። "በጣም ጨዋ ነው። 'ሰብስቤ፣ የአገርህ ልጅ ናት፣ በሰላም አምጡልኝ' ነው ያለኝ።"

"ፖሊስ ቀድሞ ካገኛት ኸላስ፣ አለቀላት" አለ ጋሽ ታምሩ። "አሻራ፣ እስር፣ ዲፖርት።"

"አንዷ በጠፋች ቁጥር የሁላችንም ስም ነው የሚጠፋው" አለ ጋሽ እንየው። "በሽምግልና ብንጨርሰው ለእሷም ለእኛም ይሻላል። ግን የት እንዳለች ማን ያውቃል?"

ከዚህ ሁሉ ንግግር ጆሮዬ የያዘው "ቀድሞ ካገኛት" የሚለውን ብቻ ነበር። ገባኝ፤ እሽቅድምድም ነው። ክፉዎቹ እየፈለጓት ነው፣ እነ አባዬ ደግሞ ቀድመው ሊደርሱላት ነው። "ሰውዬው" የተባለው የሰርካለም ካፊል፣ በስሙ ቪዛ ያወጣላት አሠሪዋ፣ መሆኑን አላወቅሁም። ካፊሉ አባቴ አውሮፕላን በሚጠግንበት ድርጅት ውስጥ የአለቃው አለቃ እንደነበረም አላወቅሁም። ከሁለት ወር በኋላ አባቴ ሱፐርቫይዘር ሆኖ ኬክ ሲቆረስ፣ እኔ ያጨበጨብኩት ጎበዝ መካኒክ ስለሆነ መስሎኝ ነው።

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይላሉ። የእኔ ግን አላመለጠኝም። ተነሥቼ ቆሜ፣ ልብሴን አራግፌ፣ ኮርቼ ነው የተናገርኩት።

"እኔ አውቃለሁ።"

ሦስቱም ዞሩ። እንደዚያ ቀን ትልቅ ሰዎች አትኩረው አይተውኝ አያውቁም።

ፓጄሯችን ሚና ዛይድ የደረሰችው የጁምዓ ሶላት ሳይጀመር ነው። አባቴ ከብረት ደረጃው ሥር ቆመና ትከሻዬን ያዘኝ። "አንቺ አንኳኪ። እኛን በድንገት ካየች ትደነግጣለች።" ለሰው ስሜት እንዴት ይጨነቃል ብዬ ወደድኩት። በር ማስከፈቻ ሆኜ እንደተወሰድኩ የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው። እኔ ባልሄድ ኖሮ ሰርካለም አትከፍትም ነበር፤ እነሱም ሰብረው አይገቡም ነበር፤ የተከበሩ ሰዎች ናቸዋ።

"ማነው?"

"እኔ ነኝ፣ ሔርሜላ።"

እየሳቀች ከፈተችልኝ። ከዚያ ከኋላዬ ደረጃውን የሚወጡትን አየች። ሳቋ ወዲያው አልጠፋም፤ ምን እንደምታደርገው ያላወቀች ይመስል ፊቷ ላይ ጥቂት ቆየ። እትዬ ወለተ ማርያም ሥራ ላይ ነበረች።

"አትደንግጪ፣ ልጄ" አለ ጋሽ እንየው፣ ነጠላውን እያስተካከለ። "ወገኖችሽ ነን። እኛ እያለን ጸጉርሽን የሚነካ የለም።"

"እትዬ ዓለምጸሐይ ያውቃሉ?"

"እሷ ናት የላከችን" አለ አባቴ።

እማዬ በዚያ ሰዓት ሆቴሏ ውስጥ ቆማ ለእንግዳ ቁልፍ እየሰጠች ነበር። እንዳልላከችው አውቃለሁ። ግን ጥሩ ሰው ለማዳን ሲል አንዳንዴ ይዋሻል፣ በስንት ፊልም አይቼዋለሁ። ዝም አልኩ። ሰርካለም ሦስቱን አየች፣ ነጠላውን አየች፣ እኔን አየች። ለሽማግሌ እምቢ ማለት አልተማረችም፤ እናቷም አያቷም አልተማሩም። ዕቃዋን በሁለት ፌስታል ከተተች። አንዱን እኔ ያዝኩላት።

የአል ዓይን መንገድ ግራና ቀኙ ዛፍ ነው፤ ከዛፉ ጀርባ ሽቦ፣ ከሽቦው ጀርባ ቀይ አሸዋ። ግመሎች በሽቦው ጥግ ይሄዳሉ። እኔ ከኋላ በሰርካለምና በጋሽ እንየው መሀል ተቀምጬ፣ አገሩ የማን እንደሆነ በሆዴ እገምታለሁ። ላም ስለሌለበት የሩሲያ ሊሆን ይችላል። ግን ሸሪፍ አለው፤ ስለዚህ የአሜሪካ ነው አልኩ።

አል ጃሂሊ ከሚባለው አሮጌ ምሽግ ስንደርስ እርግጠኛ ሆንኩ። ምሽጉን ከዚያ በፊት አይቼው አላውቅም፤ የጭቃ ግንቡ፣ ተደራርቦ የተሠራው ክብ ማማው፣ ሁሉም ከፊልም ወጥቶ የቆመ መሰለኝ። ሰርካለምን እዚህ ውስጥ ሊያስቀምጧት ነው ብዬ ተደሰትኩ። እነሱ ግን የቆሙት ካፊሉ የከሰዓቱን የዐስር ሶላት እስኪጨርስ ለመጠበቅ ነበር። ጋሽ እንየው ከዘምባባው ሥር ጫማውን አውልቆ አሸለበ። አባቴና ጋሽ ታምሩ መኪናው ጋ ሆነው ያጨሳሉ። እኔና ሰርካለም በግንቡ ጥላ ተቀመጥን።

"ሔርሜላዬ፣ አባትሽ ቃሉን የሚጠብቅ ሰው ነው?"

"አዎ። ፕሮሚስ ካደረገ ኸላስ ነው።"

የፌስታሏን ጆሮ እየቋጠረች እየፈታች ቆየች። "እዚያ ቤት የምተኛበት ክፍል በሩ ቁልፍ የለውም። ቁልፍ ይደረግልኝ። ሌላ ምንም አልልም። ለወንድ መናገር አፈርኩ፤ አንቺ ንገሪልኝ።"

"ሌባ ይገባል?"

አየችኝ። "አዎ" አለች። "ሌባ ይገባል።"

"ፖሊስ አይጠሩም እንዴ?"

"ሌባው የቤቱ ሰው ነው።"

ይሄ ነገር አልገባኝም፣ ግን ሮጬ ሄድኩ። ለአባቴ ቃል በቃል ነገርኩት፤ ሰርካለም የምትተኛበት በር ቁልፍ የለውም፣ ሌባ ይገባባታል፣ ሌባው የቤቱ ሰው ነው አልኩት። አባቴ ሲጋራውን ከአፉ አነሣ። ጋሽ ታምሩን አየው። ጋሽ ታምሩ ማማውን ማየት ጀመረ። እኔ ምን ዓይነት ቁልፍ እንደሚሻል እያሰቡ መሰለኝ።

ገብቶታል። ይሄን ዛሬ እንደ ስሜ አውቃለሁ። አባቴ በዚያች ደቂቃ ሁሉም ነገር ገብቶታል፤ መኪናው ወደ አቡ ዳቢ ለመመለስ የቀረው ነገር መሪውን ማዞር ብቻ ነበር። ፊልም ላይ ቢሆን ካሜራው ዓይኑ ላይ ይቀራል፣ ሙዚቃው ይቆማል። አባቴ ሰዓቱን አየና "ሶላቱ አልቋል፣ እንሂድ" አለ። የሚያንገሸግሸኝ እሱ ነው፤ ሰዓቱን ማየቱ።

ካፊሉ በር ድረስ ወጥቶ ተቀበለን። እውነትም ጨዋ ሰው ነበር፤ ራሴን ዳበሰኝ፣ ከረሜላ ሰጠኝ። እንግዳ መቀበያው መጅሊስ ውስጥ ተቀመጥን፣ ማዳሟም መጥታ በር አጠገብ ተቀመጠች። ጋሽ እንየው ተነሥቶ በአማርኛ ረጅም ምርቃት መረቀ፣ አባቴ ግማሹን በእንግሊዝኛ ግማሹን በተሰባበረ ዐረብኛ ተረጎመው። ከዚያ ጋሽ እንየው ወደ ሰርካለም ዞረ።

"በይ ልጄ፣ ጉልበት ሳሚ።"

ሰርካለም ቆማ ቀረች።

"ሳሚ እንጂ! ጥፋተኛ በአገራችን እንዲህ ነው የሚታረቀው።"

ምንጣፉ ላይ ተንበርክካ ወደ ማዳሟ ጉልበት ጎነበሰች። ማዳሟ ደንግጣ እግሯን ሰበሰበች። "ላ! ላ! ሐራም!" እያለች በሁለት እጇ ልታነሣት ሞከረች፤ ፊቷ በኀፍረት ቀልቷል። እሷ ይሄ እንዲሆን አልጠየቀችም፣ ባህሏም አይደለም። ከዚያ ሁሉ ሰው ያፈረችው እሷ ብቻ ነበረች። የእኛዎቹ ጭንቅላታቸውን በእርካታ እየነቀነቁ "እሰይ፣ እሰይ" ይላሉ።

አባቴ የቁልፉን ነገር በመጨረሻ አነሣው፣ እግረ መንገዱን። ካፊሉም "ኢንሻላህ፣ ቡክራ" አለ። ነገ ማለት ነው። አባቴ ወደ ሰርካለም ዞሮ "ይኸው፣ ቁልፍሽ ይደረግልሻል" አላት፤ እኔን ደግሞ በዓይኑ ጠቀሰኝ። ደስታዬ ወሰን አጣ።

ከዚያ ማዕድ ቀረበ። ሙሉ በግ ሩዝ ላይ ተጋድሞ፣ ጭንቅላቱ ሳይቀር። ትሪውን ከአንዲት ፊሊፒናዊት ጋር ተሸክማ የገባችው ሰርካለም ናት። ከተንበረከከች ግማሽ ሰዓት አልሞላም፤ ሽርጥ አስረዋታል። በዚያው ቅጽበት ጸጉሩ የረጠበ ወጣት ገባ፣ የማዳሟ ወንድም፤ ሰላምታ ሰጥቶ ስልኩን እያየ ጥግ ላይ ተቀመጠ። ትሪው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ከብዷት ነው አልኩ በልቤ።

ሦስቱ ሽማግሌዎች በፍልሰታ እጃቸውን ታጥበው ቀረቡ። የሌላ እምነት ሰው ያረደውን በአገራቸው ቢሆን በአፋቸው የማያዞሩ፣ ጠላ ሲጠጡ እንኳ ጾሙን የሚያስቡ ሰዎች ናቸው። ጋሽ እንየው ቅልጥሙን ትሪው ጠርዝ ላይ እየመታ መቅኔውን ይመጥጣል፤ ስቡ በጺሙ ወርዶ ነጠላው ላይ ይንጠባጠባል። ጋሽ ታምሩ ከበጉ ጉንጭ ሥጋ ቦጭቆ ለካፊሉ "በጣም ይጣፍጣል" ይለዋል። ሰርካለም በእኔ በኩል ጎንበስ አለችና ቴምርና ባዶ ሩዝ የያዘ ትንሽ ሳህን አስቀመጠችልኝ።

"ፍልሰታ ነው ሔርሜላዬ" አለችኝ በጆሮዬ። "አንቺ ይሄን ብዪ።"

አባቴ አየ። ሳህኑን ገፋ አደረገና በጣቶቹ ከበጉ ትከሻ ገንጥሎ ጠቅልሎ ወደ አፌ አመጣው። "የሰው ቤት ነን፣ አታሳፍሪኝ። ጉረሺ።"

ጎረስኩ። ሰርካለም አጠገቤ ቆማ እያየችኝ ጎረስኩ። ጣፈጠኝ፤ ሁለተኛውን ራሴ አነሣሁ።

ማታ እማዬ የሆቴል ዩኒፎርሟን እንደለበሰች ስትገባ በር ላይ ዘለልኩባት። "እማዬ፣ ሰርካለምን አዳንናት! እኔ ነኝ የነገርኳቸው!"

አልመታችኝም። የጫማ መደርደሪያው ላይ ተቀመጠችና አባቴን ቀና ብላ አየችው። "የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ሲባል እሰማለሁ" አለችው። "እየጎተተ ለጅቡ የሚያደርስ ግን ዛሬ ገና አየሁ።" ከዚያን ቀን ጀምሮ እኔ ክፍል ነው የምትተኛው። ሌባ እንዳይገባብኝ መስሎኝ ነበር።

የዚያ ቀን ኃጢአት ለእኔ ሥጋው ነበር። በአሥራ ሁለት ዓመቴ ለንስሐ አባቴ ፍልሰታን እንደሻርኩ አልቅሼ ተናዘዝኩ። ሰባት ቀን ጾምና ስግደት ሰጡኝ። ጾምኩ፣ ሰገድኩ፣ ቀለለኝ። ስለ ሰርካለም አልጠየቁኝም፤ መናዘዝ እንዳለብኝም አላወቅሁም።

ያሳወቀችኝ እትዬ ወለተ ማርያም ናት፤ ሃያ ዓመት ከሞላኝ በኋላ፣ ከቅዳሴ ስንወጣ። "ቁልፉንማ አደረጉላት" አለችኝ፣ ሳታየኝ። "በውጭ በኩል። ማዳሟ እንደገና እንዳትጠፋ ብላ ሌሊት ሌሊት ትቆልፍባት ነበር። መፍቻው የሚሰቀለው ኮሪደሩ ላይ ነው፤ ማንም ያነሣዋል።" በዓመቷ ሆዷ ገፍቶ ላኳት። ቦሌ የተቀበላት ወንድሟ ከአውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ ትቷት ሄደ። ከዚያ ወዲያ እትዬ ወለተ ማርያም ስልኳን አላገኘችም። ነገሩ ሽማግሌዎቹ ጆሮ ደርሶ ነበር። "እኛ አስታረቅናት፣ እሷ ራሷን አልጠበቀችም" ብለዋል።

ባለፈው ወር የጋሽ እንየው ልጅ ተዳረች። አንድ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ሦስት መቶ ሰው ተጠርቷል። አባቴ በሽማግሌነት ንግግር እንዲያደርግ ተጋበዘ፤ ስለ ዕርቅ ሲያወራ የአል ዓይኗን ልጅ አነሣ። ሲያወራው ጥሩ ተራኪ ነው፤ መንገዱን፣ ምሽጉን፣ የካፊሉን ጨዋነት አንድ በአንድ አሳየ። በእሱ አተራረክ የአሜሪካ ፊልም ነበር።

"ልጅቷን ያገኘልን ማን መሰላችሁ?" አለ። "ይቺ የኔዋ ሔርሜላ! በዘጠኝ ዓመቷ ሽማግሌ ነበረች!"

አዳራሹ በሳቅና በጭብጨባ ተናወጠ። አባቴ ወደ ጠረጴዛችን መጥቶ ማይኩን ዘረጋልኝ። "እስቲ አንቺ ጨርሺላቸው።"

እናቴ ከፊት ለፊቴ ተቀምጣለች። ዓይኗን ከእኔ አላነሣችም። ቃሉ ሁሉ ጉሮሮዬ ላይ ደርሶ ነበር፤ ቁልፉ፣ ኮሪደሩ፣ የቦሌ በር። ሙሽሪት ፈገግ ብላ ትጠብቀኛለች። ሦስት መቶ ሰው ይጠብቀኛል። ማይኩን ተቀበልኩ።

"እንኳን ደስ ያላችሁ" አልኩና መለስኩለት።

አጨበጨቡልኝ።